ዘፋኙ የሚተዋት ድምፅ፦ ስለ ማይነር ኮርዶች

ይህ ጽሑፍ ቅዳሜ ከሰዓት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ ትንሽ አዳራሽ ለሙዚቃ ተማሪዎችና ወዳጆች ካደረግኩት ንግግር የተዘጋጀ ነው። እዚያ በኪቦርድ ያሳየሁትን እዚህ በቃል አስቀምጬዋለሁ። ኪቦርድ አጠገባችሁ ካለ እየነካችሁ አንብቡት። ከሌለም የስልክ ፒያኖ ይበቃል።

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ዝናብና በዚህ የታክሲ ሰልፍ መሃል ስለ ኮርድ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አብረው ስለሚመቱ ድምፆች፣ ልትሰሙ መምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ። ኪቦርድ ወይም ጊታር የምትጫወቱ እጃችሁን አውጡ። ጥሩ፣ ብዙ ናችሁ። ከእናንተ መካከል "የኤ ማይነር ኮርዶች እነዚህ ናቸው" ተብሎ ሰባት ኮርድ የተጻፈበት ወረቀት የተሰጠው ማነው? ያው ሁላችሁም ማለት ይቻላል። እኔም የጀመርኩት በዚያው ወረቀት ነው።

ወረቀቱ አይዋሽም። ግን አንድ ነገር ሳይናገር ያልፋል። እኔ ያንን ነገር የተማርኩት መድረክ ላይ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው። እዚሁ መሃል ከተማ አንድ የምሽት ቤት ውስጥ ባለ ኪቦርዱ ታሞ ቀረና እኔ ተተካሁ። ዘፋኟ ከእኔ በዕድሜም በልምድም ትበልጣለች። ባቲ ማይነር በሚባለው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ጀመረች። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት አንድ ሕግ ይዤ ነበር፤ "በማይነር ኪይ አምስተኛው ኮርድ ሜጀር ይሆናል" የሚል። ኪይ ማለት ዜማው የሚያርፍባት ድምፅና አብረዋት የሚሄዱት ድምፆች ናቸው። ስንኙ ሊያልቅ ሲል ኢ ሜጀርን በሁለት እጄ መታሁት። እሷ በዚያች ቅጽበት ጂ ላይ ነበረች። የእኔ ኮርድ ውስጥ ያለችው ግን ጂ ሻርፕ፣ ከጂ በአንድ ቁልፍ ከፍ ያለችው፣ ናት። ሁለቱ ድምፆች ተጎራብተው ተጋጩ። ቤዝ የሚጫወተው ልጅ ፊቱን አዞረ። እሷ ዘፈኗን አላቋረጠችም። በእረፍት ሰዓት ግን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና "ወንድሜ፣ እኔ ያላልኩትን አታስብለኝ" አለችኝ።

ይህ ንግግር በሙሉ የዚያች ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ኪቦርድ ላይ ከኤ ተነስታችሁ ነጮቹን ብቻ እየነካችሁ እስከ ቀጣዩ ኤ ሂዱ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ። ይህ ተፈጥሯዊው ኤ ማይነር ነው። በአማርኛ ስንጠራቸው ኤ እና ኢ ለጆሮ ይቀራረባሉ። ስለዚህ ዛሬ ኤን "ማረፊያዋ ኤ"፣ ኢን ደግሞ "አምስተኛዋ ኢ" እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ትንሽ ያስረዝማል፤ ግን ከመምታታት ያድናል።

ኮርድ የሚሠራው አንድ ይዞ አንድ በመዝለል ነው። ኤን ያዙ፣ ቢን ዝለሉ፣ ሲን ያዙ፣ ዲን ዝለሉ፣ ኢን ያዙ። ኤ ማይነር ሆነ። ማይነር ያደረገው ርቀቱ ነው። ከኤ እስከ ሲ 3 ግማሽ ድምፅ አለ። ከሲ እስከ ኢ ደግሞ 4። ግማሽ ድምፅ የምለው ከአንድ ቁልፍ ነጭም ጥቁርም ሳልል ወደሚቀጥለው ቁልፍ ያለውን ርቀት ነው። ሜጀር ላይ ይህ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ 4፣ ቀጥሎ 3። ልዩነታቸው መሃል ያለችው ድምፅ በአንድ ቁልፍ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቷ ብቻ ነው። ሐዘን ነው ደስታ ነው እያልን የምንከራከርበት ሁሉ ከዚያች ከአንዲት ቁልፍ ይጀምራል።

በዚሁ መንገድ ከሰባቱም ድምፆች ላይ ተነሱ። ኤ ማይነር፣ ቢ ዲሚኒሽድ፣ ሲ ሜጀር፣ ዲ ማይነር፣ ኢ ማይነር፣ ኤፍ ሜጀር፣ ጂ ሜጀር። ሦስት ማይነር፣ ሦስት ሜጀር፣ አንድ ዲሚኒሽድ። ሲ ሜጀር ኪይን የሚያውቅ ሰው እነዚህን ኮርዶች ያውቃቸዋል፤ አንድ ናቸው። የተለየው ቤቱ የት እንደሆነ ነው። እዚያ ሲ ላይ እናርፋለን፣ እዚህ ኤ ላይ። ቢ ዲሚኒሽድ 3 እና 3 ግማሽ ድምፅ ስለሆነ የተጨነቀ ድምፅ አለው። ብዙ ጀማሪዎች ፈርተው ይተዉታል። ዲን ባስ ላይ፣ ከሁሉም በታች፣ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ይለሰልሳል።

እስከዚህ ወረቀቱ ይወስደናል።

አሁን ኢ ማይነርን ምቱና ወደ ኤ ማይነር ሂዱ። ስሙት። ደረሰ፤ ግን ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰው ዘና ብሎ ነው የደረሰው። አሁን ደግሞ ጂን በአንድ ቁልፍ ከፍ አድርጉና ኢ ሜጀርን ምቱ፤ አምስተኛዋ ኢ፣ ጂ ሻርፕ፣ ቢ። ኮርዱን ያዙት። አትሂዱ፣ ያዙት። አዳራሹ ውስጥ የሆነ ነገር ሲወጠር ይሰማችኋል? ጂ ሻርፕ ከማረፊያዋ ኤ የምትርቀው በአንድ ግማሽ ድምፅ ነው። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ!" ብሎ በሩ ላይ የቆመ ሰው አስቡ። መቀመጫውን ለቋል፣ እጁ በሩ ላይ ነው፣ መውረጃው ሁለት እርምጃ ነው የቀረው። ጂ ሻርፕ እሷ ናት። ጂ ግን ገና መቀመጫዋ ላይ ናት፤ አንድ ሙሉ ድምፅ፣ ማለትም ሁለት ግማሽ፣ ይቀራታል። ልትወርድ ትችላለች፤ ላትወርድም ትችላለች።

አውሮፓውያን ሙዚቀኞች ይህን መወጠር ፈለጉት። ስለዚህ ማይነር ሲጽፉ ሰባተኛዋን ድምፅ፣ እዚህ ጂን፣ ከፍ ማድረግ ልማድ ሆነ። ሃርሞኒክ ማይነር የሚባለው ይህ ነው፤ ስሙም ከኮርድ፣ ከሃርመኒ የመጣ ነው። አንዲት ድምፅ ስትቀየር ደግሞ እሷ ያለችባቸው ኮርዶች ሁሉ ይቀየራሉ። ኢ ማይነር የነበረው ኢ ሜጀር ይሆናል። ጂ ሜጀር የነበረው ጂ ሻርፕ ዲሚኒሽድ ይሆናል። ሲ ሜጀር ደግሞ ሲ ኦግሜንትድ ይሆናል፤ 4 እና 4 ግማሽ ድምፅ፣ መሬት የማይነካ ዓይነት ኮርድ።

ግን አንድ ችግር ተፈጠረ። ኤፍ እና ጂ ሻርፕ መካከል 3 ግማሽ ድምፅ ተከፈተ። ለመዝለል ይከብዳል፤ በተለይ ለዘፋኝ። ስለዚህ ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ኤፍንም ከፍ አድርገው ኤፍ ሻርፕ አደረጓት። ሲወርድ ሁለቱንም ወደ ቦታቸው መለሷቸው። ይህ ሜሎዲክ ማይነር ነው። ይህም ሦስት አዲስ ኮርድ ይጨምራል፤ ቢ ማይነር፣ ዲ ሜጀርና ኤፍ ሻርፕ ዲሚኒሽድ።

እንቁጠር። ከተፈጥሯዊው 7፣ ከሃርሞኒክ 3 አዲስ፣ ከሜሎዲክ 3 አዲስ። 13 ኮርድ። "የኤ ማይነር ሰባት ኮርዶች" የሚለው ወረቀት ሳይናገር የሚያልፈው ይህን ነው። በማይነር ኪይ ስድስተኛዋና ሰባተኛዋ ድምፅ ይንቀሳቀሳሉ። ማይነር ሦስት ዓይነት ስኬል፣ የድምፆች መሰላል፣ ነው ብላችሁ ለየብቻ ከመሸምደድ፣ አንድ ቤት ሁለት ተንቀሳቃሽ በሮች አሉት ብላችሁ ያዙት። እኔ ተማሪዎቼን እንደዚያ ነው የማስተምራቸው፤ ቶሎ ይገባቸዋል።

13ቱንም አንድ ዘፈን ውስጥ አትጠቀሙባቸውም። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በኤ ማይነር፣ በዲ ማይነር፣ በኢ ሜጀር ወይም በኢ ማይነር፣ ከዚያ በኤፍ፣ በጂና በሲ ነው። ኤ ማይነር፣ ጂ፣ ኤፍ፣ ኢ ሜጀር እያላችሁ ደረጃ በደረጃ ውረዱ። ይህ አወራረድ ከስፔን ፍላሜንኮ ጀምሮ ብዙ ቦታ ይሰማል። አያችሁ? በአንድ ዙር ውስጥ ጂም ጂ ሻርፕም አሉ። ሁለተኛው ኮርድ ላይ ጂ ተቀምጣለች፣ አራተኛው ላይ ተነስታ በሩ ላይ ቆማለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሰዓታቸው ግን ይለያያል።

ኢ ሜጀር ላይ ዲን ብትጨምሩ ኢ ሰቨን ይሆናል። ዲ ወደ ሲ፣ ጂ ሻርፕ ወደ ኤ መውረድና መውጣት ይፈልጋሉ። ሁለቱ ድምፆች በአንድ ጊዜ ይጎትታሉ። ስለዚህ ነው ኢ ሰቨን እንደዚያ የሚጠነክረው።

እንግዲህ ወደ እኛ ቤት እንምጣ። ለዚህ ነው የመጣሁት።

የእኛ ዜማ ኮርድ ይዞ አልተወለደም። አዝማሪው በመሰንቆ፣ ክራር መቺው በክራር፣ ዘፋኙን በአንድ መስመር ነው የሚከተሉት፤ አብረው ይሄዳሉ፣ ያጌጣሉ፣ ይመላለሳሉ። በአንድ ጊዜ ሦስት ድምፅ ደራርቦ ከሥር ማስቀመጥ በኋላ የመጣ ነገር ነው። አመጣጡም ከዚህ አዳራሽ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አመጡ። "አርባ ልጆች" ተባሉ። የነሐስ መሣሪያ ተጫዋቾች ነበሩ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። በነሐስ ባንድ ውስጥ አንድ ኮርድ በሰዎች መካከል ይከፈላል። አንዱ ኤን ይነፋል፣ ሌላው ሲን፣ ሌላው ኢን። ኮርድ በከተማችን ጎልቶ የተሰማው እንዲህ በብዙ ሰው ትንፋሽ ነው። በኋላ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን እዚሁ ጎረቤታችን በሆነው ቴአትር ቤት የአገራችንን ዜማ ለትልልቅ ባንድ ሲያዘጋጅ ኖረ። ቦስተን በርክሌ የተማሩት ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ የቅኝቱን አምስት ድምፅ በጃዝ ኮርድ ላይ አስቀመጡት። ዛሬ ስማቸውን ዓለም ያውቀዋል።

ሁሉም የገጠማቸው ጥያቄ አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ዜማው አምስት ድምፅ አለው። ኮርዶቹ የሚሠሩት ከሰባት ነው። የጎደሉትን ሁለቱን ማን ይምረጥ?

ትዝታ ማይነርን ከኤ እንጀምር። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ከዚያ ኤ። ርቀቱ 2፣ 1፣ 4፣ 1፣ 4 ግማሽ ድምፅ ነው። ቀስ ብላችሁ ንኩት። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከሬዲዮ፣ ከሰርግ፣ ከእናታችሁ ቤት። አሁን የሌሉትን ፈልጉ። ዲ የለችም። ጂም የለችም።

እንግዲህ ያን ሁሉ ሰዓት ያወራንላት ድምፅ፣ አውሮፓውያን ከፍ እናድርጋት ዝቅ እናድርጋት ብለው ሦስት ዓይነት ስኬል የጻፉላት ሰባተኛዋ፣ ትዝታ ማይነር ውስጥ ጭራሽ የለችም። ክራር በዚህ ቅኝት ሲቃኝ ጂ የሚባል አውታር የለውም። ባዶ ቦታ እንኳ አይተውላትም፤ ከኤፍ ቀጥሎ ያለው አውታር ኤ ነው። ዘፋኙ ስለ ጂ ምንም አላለም። ጥያቄው አልተነሳም።

በአምስቱ ድምፅ ብቻ የትኞቹ ኮርዶች ይሞላሉ? ሞክሩ። ኤ ማይነር ሙሉ ነው። ኤፍ ሜጀር ሙሉ ነው። አለቀ። ሲ ሜጀር ጂን አጣ። ዲ ማይነር ዲን አጣ፤ ቢ ዲሚኒሽድም እንደዚሁ። ጂ ሜጀር ቢን ብቻ ይዞ ቀረ። ኢ ደግሞ ሁለት ጫፎቹ አሉ፤ አምስተኛዋ ኢ አለች፣ ቢ አለች፤ መሃሉ ባዶ ነው። ያ መሃል ነው ሜጀር ወይም ማይነር የሚያደርገው።

ይህን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ አንድ የአማርኛ ነገር ረዳኝ። ወረቀት ላይ "አለ" ብዬ ብጽፍ ምን ትላላችሁ? ሲላላ "ተናገረ" ማለት ነው። ሲጠብቅ "ይገኛል" ማለት ነው። "ገና" ብዬ ብጽፍስ? ሲላላ "ጊዜው አልደረሰም"፣ ሲጠብቅ በዓሉ። ፊደሉ ያው ነው። የሚያጠብቀው ወይም የሚያላላው አንባቢው ነው። ከአረፍተ ነገሩ ካልተረዳ ደግሞ ሁለቱንም ይዞ ይቆያል።

አምስተኛዋ ኢ እና ቢ ብቻቸውን ሲሰሙ እንደዚያ ናቸው። ጂ ሻርፕን ብታስገቡ ታጠብቁታላችሁ። ጂን ብታስገቡ ታላሉታላችሁ። ሁለቱንም ካላስገባችሁ ግን ድምፁ ሁለቱንም ትርጉም ተሸክሞ ይቆማል። ቅኔ የሚወድ ሕዝብ ለዚህ ጆሮ የለውም ብሎ ማን ይነግረኛል? እኔ ለትዝታ ዘፋኝ ሳጅብ፣ ስንኙ ቢ ላይ ሲንጠለጠል፣ መጀመሪያ የማደርገው መሃሉን ባዶ መተው ነው። በግራ እጄ ኢ እና ቢ። ቀኝ እጄ ያርፋል። ከዚያ ዘፋኙን እሰማለሁ።

ሁልጊዜ ባዶ ተዉት እያልኩ አይደለም። ስንኙ ሲያልቅ፣ ሳክስፎኑ ሊገባ ሲል፣ ሰው ወንበሩን ይዞ ሲጠብቅ፣ ኢ ሰቨንን አጥብቃችሁ ምቱት። ደስ ይላል። ግን አውቃችሁ አጥብቁት። ለእያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ ኢ ሜጀርን በልማድ የሚመታ አጃቢ፣ የትዝታን ዘፋኝ በየመንገዱ "ወራጅ አለ" እያስባለ ያለ ፌርማታው ያስወርደዋል። ትዝታ መውረድ አይፈልግም። መንገዱ ነው የሚናፍቀው።

ከአምስቱ ሳትወጡ ቀለም መጨመርም ይቻላል። ኤ ማይነር ላይ ቢን ጨምሩ። ኤፍ ሜጀር ላይ ኢን ጨምሩ። እንዲያውም ኤፍን ባስ ላይ አድርጋችሁ አምስቱንም ድምፅ በአንድ ጊዜ ምቱ። ይኸው። ጃዝ የሚጫወት ሰው ለዚህ ረጅም ስም አለው። እኛ ደግሞ ቅኝቱን በሙሉ በአንድ እጅ ጨብጠነዋል።

አምባሰልን በአጭሩ ልንካው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ያዙና ከአምስተኛዋ ኢ ጀምሩ፤ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። አምባሰል ሆነ። የድምፆቹ ዝርዝር ከትዝታ ማይነር ጋር አንድ ነው፤ ማረፊያው ግን ኢ ነው። የሚሞሉት ኮርዶችም እነዚያው ኤ ማይነርና ኤፍ ናቸው፤ ማረፊያው ላይ ግን ሙሉ ኮርድ የለም። አምባሰልን በኤ ማይነር የሚጨርስ አጃቢ ዘፋኙን የሰው ቤት ያሳድረዋል። ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው። ዝርዝሩን ብቻ አይቶ ኮርድ የሚመርጥ ሶፍትዌርም ይህንኑ ይሳሳታል።

አሁን ወደዚያች ምሽት ልመለስ። ባቲ ማይነር ከኤ ሲነሳ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ነው። እዚህ ጂ አለች። በግልጽ ትዘፈናለች። የጎደሉት ቢ እና ኤፍ ናቸው። የሚሞሉት ኮርዶች ኤ ማይነርና ሲ ሜጀር ናቸው። ሰባተኛዋ ተላልታ ተነግራለች፤ ዘፋኟ ራሷ ብላታለች። እኔ ያን ቀን ኢ ሜጀር ስመታ፣ እሷ አላልታ የተናገረችውን ቃል እኔ አጥብቄ ደገምኩት። ትርጉሙ ተለወጠባት። ዛሬ ያው ዘፈን ቢመጣ ኢ ማይነርን ወይም ጂ ሜጀርን እመታለሁ፤ ወይም ኤ ማይነር ላይ ጂን ጨምሬ ዝም ብዬ እቆያለሁ። ሕጌ ስህተት አልነበረም። ለሌላ ዜማ የተሠራ ሕግ ነበር።

ስለዚህ ዘፈን ስትይዙ የመጀመሪያው ሥራችሁ ኮርድ መፈለግ አይሁን። ዘፋኙ የሚላቸውን ድምፆች ጻፉ። ከሥሩ የማይላቸውን ጻፉ። ስድስተኛዋና ሰባተኛዋ ከየትኛው ወገን እንዳሉ እዩ። ዜማው ውስጥ ካሉ ታዘዙላቸው። ከሌሉ ምርጫው የእናንተ ነው፤ እንግዲህ የምታስቡበት እዚያ ጋ ነው። ይህ ሥራ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ልምምድ ላይ የሚጠፋውን የሰዓታት ጭቅጭቅ ግን ይቀንሳል።

ከጥያቄዎቹ መካከል ሁለቱን ላስቀምጥ።

አንዲት ተማሪ "አንቺ ሆዬስ?" አለችኝ። ሳቅን፤ ምክንያቱም ይህን ቅኝት ሁሉም ይፈራዋል። ከኤ ሲነሳ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ ሻርፕ ነው፤ ፍላት ማለት በአንድ ቁልፍ ዝቅ ያለ ነው። ውስጡ አንድ ሙሉ ሜጀርና አንድ ሙሉ ማይነር ኮርድ አለ፤ ዲ ሜጀርና ኢ ፍላት ማይነር። በአንድ ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ጎረቤታሞች ናቸው። ማረፊያዋ ኤ ላይ ደግሞ ማይነርም ሜጀርም አይሠራም፤ ሦስተኛዋም አምስተኛዋም የሉም። ስለዚህ በማይነር ሕግ አትቅረቡት። ኤን ባስ ላይ ይዛችሁ ሁለቱን ኮርዶች እያፈራረቃችሁ ስሙት። ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል።

አንድ ወጣት ደግሞ "ያሬዳዊ ዜማ ላይ ኮርድ ይቀመጣል?" አለኝ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ያለ ኮርድ የተሠሩ፣ ያለ ኮርድ ሙሉ የሆኑ ዜማዎች ናቸው። ጸናጽሉ፣ መቋሚያው፣ ከበሮው አለ። እኔ በበኩሌ ኪቦርድ አላስጠጋም። የጎደለ ነገር ሲኖር ነው የምንጨምረው።

በመጨረሻ ጆሯችንን እንፈትን ብዬ አንድ ሙከራ አደረግን። ትዝታ ማይነርን እያንጎራጎርን ቢ ላይ እንድንቆም ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ከሥሩ ኢ ሜጀርን አስቀመጥኩ። ቀጥሎ ኢ ማይነርን። ከዚያ መሃሉን ባዶ። የቱ እንደሚሻል እጅ አወጡ። አዳራሹ ተከፋፈለ፤ አንዱም ብልጫ አላገኘም።

ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዣንጥላቸውን እግራቸው ሥር አስተኝተው ጸጥ ብለው ሲያዳምጡ ነው የዋሉት። "ልጄ፣ ሦስተኛዋን እስቲ ድገማት" አሉኝ። ደገምኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸው ማንጎራጎር ጀመሩ። ቃል የለውም፤ ዜማ ብቻ። ቢ ላይ ሲደርሱ ቆሙና ትንፋሻቸው እስኪያልቅ ያዟት። ግራ እጄ ኢ እና ቢ ላይ ነበር። ቀኝ እጄን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩት። ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። እሳቸው ትንፋሽ ወስደው ቀስ ብለው፣ በሲ በኩል ዞረው፣ ወደ ኤ ወረዱ። ያን ጊዜ ኤ ማይነርን አስቀመጥኩላቸው።